ወንድሜ በሱስ ምክንያት ተከሷል፤ ከእስር ይልቅ ሕክምና ሊታዘዝለት ይችላል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የ26 ዓመት ወንድሜ ባጃጅ ይነዳ ነበር። በጫት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጨብሲ እያለ አረቄ ለመደ፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት መዋጥ አመጣ። ባለቤቱ ባጃጁን ነጠቀው። አሁን የሰው ስልክ ሰርቆ ሸጧል ተብሎ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ነው። በውጭ አገር ሱሰኛን ከማሰር ይልቅ እያከመ የሚከታተል ፍርድ ቤት አለ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው የሚሠራው? እኛስ ዳኛውን ምን ብለን መጠየቅ እንችላለን?»

እኅቴ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ነገር ከመግባቴ በፊት ቀን የማይሰጠውን ልናገር። ወንድምዎ አረቄ በየቀኑ ይጠጣ ከነበረና በመታሰሩ ምክንያት በድንገት ካቆመ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሕይወቱን ሊያሳጡት ይችላሉ። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ቀንና ቦታ ሊምታታበት፣ የሌለ ነገር ሊያይና የሌለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ይህ መድኃኒት ያለው፣ ካልታከመ ግን ሊገድል የሚችል ሕመም ነው። ትራማዶልም በብዛት ሲወሰድ በራሱ እንዲህ ያለ መንፈራገጥ ያስነሣል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ጣቢያው ሄደው ምን ይወስድ እንደነበር፣ በቀን ምን ያህል እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወሰደ ለኃላፊው ይንገሩ፤ ወደ ጤና ተቋም ወስደው እንዲያሳዩትም ይጠይቁ። የጫቱ ሐራራ ከዚህ የተለየ ነው፤ ድካሙ፣ መነጫነጩና ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ ያሠቃዩታል እንጂ አይገድሉትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በውጭ አገር «የዕፅ ፍርድ ቤት» የሚባለው ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አይደለም። እኛ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ልዩ ችሎት እንደምንለው፣ በመደበኛው ፍርድ ቤት ውስጥ የተለየ አሠራር ይዞ የሚቀመጥ ችሎት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሱስ ችሎት እያልሁ እጠራዋለሁ። የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ማያሚ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዓይነት ከተማውን አጥለቅልቆት ነበር፤ ፖሊስ ይይዛል፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ እስር ቤቱ ይሞላል፣ የተፈታው ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዓይነት ክስ ተመልሶ ይቀርባል። ችሎቱን በመጀመሪያ የመሩት ዳኛ ስታንሊ ጎልድስታይን ነበሩ፤ የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ደግሞ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የበቁት ጃኔት ሬኖ ናቸው። ከሳሹ ወገን ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መግባቱን የምጠቅሰው በምክንያት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ያልተስማማበት የሕክምና ትእዛዝ በየቀጠሮው ክርክር ይነሣበትና ታካሚው መሀል ላይ ይንገላታል። ከማያሚ በኋላ አሠራሩ በየግዛቱ ተስፋፋ፤ በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1999 ተጀመረ። በአሜሪካ ብቻ ዛሬ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ችሎቶች አሉ።

ወደ ችሎቱ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆኑን ሳያምን ክሱ ባለበት ይቆማል፤ ሕክምናውን ከፈጸመ ክሱ ይሰረዛል፣ ካልፈጸመ ክርክሩ ከቆመበት ይቀጥላል። በሁለተኛው፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ያምናል፤ ቅጣቱ ግን በእንጥልጥል ይቆይና እንደ አፈጻጸሙ ይቀርለታል ወይም ይቀልለታል፣ ካልሆነም ይፈጸምበታል። በሁለቱም መንገድ ግዴታውን የሚገባው በራሱ ፈቃድ፣ ከጠበቃው ጋር ተማክሮና ፈርሞ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ያላደረሱ ሰዎች ናቸው፤ ክሱም የግድ ዕፅ ይዞ መገኘት መሆን የለበትም፤ ለሱስ ማርኪያ ብሎ የሰረቀ ሰውም በብዙ ቦታ ይገባል። የወንድምዎ ጉዳይ ይህን ዓይነት ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ አሠራር የሚጠቅመው ሱሱ ለከበደበትና ካልተያዘ እንደገና ወደ ጥፋት ሊመለስ ለሚችል ሰው ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ካናቢስ አጭሶ የተያዘን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት ተኩል በየሳምንቱ ሽንት እያስመረመሩ፣ ከከባድ ሱሰኞች ጋር አንድ ክፍል አስቀምጦ «ማከም» ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም። ስለዚህ ሰውየው ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይመረመራሉ፤ አንደኛው ጥፋቱን የመድገም አዝማሚያው፣ ሁለተኛው የሕመሙ ክብደት ነው። ሁለተኛውን የሚመዝነው ሐኪም ነው፤ ዳኛም ዐቃቤ ሕግም አይደሉም።

በችሎቱ ቀን የሚሆነውን ላስረዳ፤ ፍሬ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። ከችሎቱ አስቀድሞ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የክትትል ሠራተኛውና የሕክምና ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በየተራ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ይነጋገራሉ፤ ስንት ቀጠሮ አከበረ፣ ምርመራው ምን አሳየ፣ ሥራ አገኘ ወይ፣ የሚያድርበት አለው ወይ? ከዚያ ችሎቱ ይከፈታል። በብዙ ቦታ የደህናዎቹ ስም መጀመሪያ ይጠራል፤ አንዱ ወጣት ከችሎቱ ፊት ይቆምና ዳኛው «ስንተኛ ቀንህ ነው?» ሲሉት «ስድሳ ሁለት» ይላል፤ ቤቱ ያጨበጭባል። ዳኛው ስለ እናቱ ሕመም፣ ስለ ጀመረው የአናጺነት ሥራ ይጠይቁታል፤ ባለፈው ቀጠሮ የነገራቸውን አልረሱም። ቀጥሎ ሁለት ቀጠሮ ያጓደለው ይቀርባል። ዳኛው አይጮኹበትም፤ ለምን እንደቀረ ይጠይቁታል፣ ይሰሙታል፣ በዚያው ሰዓትም ውሳኔ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ለሁለት ቀን የሕዝብ አገልግሎት ሥራ እንዲሠራ፣ ወይም በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀኑን ሙሉ ችሎት ውስጥ ተቀምጦ የሌሎቹን እንዲከታተል ያዙታል። ደጋግሞ ሲያጠፋ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊታሰር ይችላል። ሁሉም ተራው እስኪደርስ ድረስ የሌላውን ያያል፤ ያ ራሱ ትምህርት ነው።

የዚህ አሠራር ኃይል ምሕረቱ ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ኃይሉ ያለው ያው አንድ ዳኛ ያንኑ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ፊት ለፊት ማየቱ፣ የሚሰጠው ምላሽም ትንሽ ቢሆን ፈጥኖ የሚመጣና የማይቀር መሆኑ ላይ ነው። ሱስ የያዘው አእምሮ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣን ከባድ ቅጣት ማመዛዘን ይሳነዋል፤ የነገ ጠዋት ትንሽ ቅጣትና የነገ ጠዋት ትንሽ ምስጋና ግን ይገቡታል። ይህን በምክር መስጫ ክፍሌ በየዕለቱ የማየው ስለሆነ ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ሌላው የአሠራሩ ጥበብ ማገርሸትንና ማታለልን መለየቱ ነው። በሱስ ለታሰረ ሰው ጨርሶ መተው የሩቅ ግብ ነው፤ በቀጠሮ መገኘት፣ ለምርመራ መቅረብና እውነቱን መናገር ግን ዛሬውኑ የሚችላቸው ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ትናንት ወሰድሁ» ብሎ ራሱ የመጣ ሰው ሕክምናው ይጠናከርለታል፤ ቀጠሮ የዘለለ ወይም የሌላ ሰው ሽንት ይዞ የመጣ ግን ይቀጣል። ይህን ያልለየ ችሎት ሕመምተኛን በሕመሙ ይቀጣል። መርሐ ግብሩ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆያል፤ በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን ሰውየው እየበረታ ሲሄድ ቀጠሮው እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ያህል መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ብዙም ፍሬ እንደማያፈራ ከታወቀ ቆይቷል።

ስለ ምርመራው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ እኛ ዘንድ ያሉ ባለሙያዎችም ይሳሳቱበታልና። በመጀመሪያ ደረጃ ሽንት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑ አስቀድሞ ሳይታወቅ ይወሰዳል። ነገር ግን ለሞርፊንና ለሄሮይን የተሠራው የተለመደው መመርመሪያ ትራማዶልን አያሳይም፤ ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ካናቢስ አዘውትሮ ባጨሰ ሰው ሽንት ውስጥ ካቆመ በኋላም ለሳምንታት ሊታይ ስለሚችል፣ በሁለተኛው ሳምንት የተገኘው ውጤት አዲስ መውሰድን አያረጋግጥም። መጠጥ በትንፋሽ የሚታወቀው ለሰዓታት ብቻ ነው። ጫትን ደግሞ ተራው መመርመሪያ አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለየውም። በእንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ሰውን ወደ እስር መላክ በደል ነው።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና 154 ግምገማዎችን አንድ ላይ የመዘነ ጥናት፣ ያለዚህ ችሎት 50 ከመቶ ይሆን የነበረው ወደ ጥፋት የመመለስ መጠን በችሎቱ ባለፉት አዋቂዎች ዘንድ ወደ 38 ከመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በ23 ችሎቶች ላይ የተደረገ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በ18ኛው ወር ላይ በምራቅ ምርመራ ዕፅ የተገኘባቸው በችሎቱ ካሉት 29 ከመቶ፣ ወደ ችሎቱ ካልገቡት 46 ከመቶ እንደነበሩ አግኝቷል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ነቀፌታውም እውነተኛ ስለሆነ መሸፈን አልፈልግም። ከገቡት ብዙዎቹ አይጨርሱም፤ ጥፋቱን አምኖ ገብቶ መሀል ላይ የወደቀ ሰው ከመጀመሪያው ተከራክሮ ቢሆን ይጣልበት ከነበረው የከበደ ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። አንዳንድ ዳኞች ደግሞ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉትን፣ የሄሮይንና የመሰሎቹን ሱስ የሚያክሙ መድኃኒቶች «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ብለው ለረጅም ጊዜ ሲከለክሉ ኖረዋል። ይህ ዳኛ ስለ ስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን እንደ መወሰን ያለ ነገር ነው፤ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉና ሳስበው ይከነክነኛል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እነዚህን መድኃኒቶች ለሚከለክሉ ችሎቶች ገንዘብ አልሰጥም ማለቱ ይህንኑ ለማረም ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። በኢትዮጵያ በሕግ የተቋቋመ የሱስ ችሎት የለም፤ ስለዚህ «ወደዚያ ይላክልን» ተብሎ የሚጠየቅበት በር የለም። ነገር ግን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ባዶ እጃችንን አልተወንም። የሕጉን ክፍል ከተከላካይ ጠበቃ ጋር ማጣራት አለብዎ፤ እኔ የምናገረው ፍርድ ቤት ለባለሙያ አስተያየት ሲጠራኝ ከማውቀው ነው።

አንደኛ፣ አንቀጽ 51 ተከሳሹ በአልኮል ወይም በዕፅ ሥር በሰደደ ሁኔታ የተመረዘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ሲኖር ፍርድ ቤቱ በባለሙያ እንዲመረመር ትእዛዝ እንዲሰጥ ያደርጋል። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። «ሰክሮ ነበር» ማለት ብቻውን ነፃ እንደማያወጣም ይወቁ፤ ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ራሱን ያሰከረ ሰው ከኃላፊነት እንደማያመልጥ አንቀጽ 50 ይደነግጋል።

ሁለተኛውና ለወንድምዎ ይበልጥ የሚቀርበው ገደብ ነው። ስርቆት በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ክብደት ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዳኛው ጥፋተኛ ካሉት በኋላ የእስራት ቅጣቱን በገደብ ሊያግዱት ይችላሉ፤ የገደቡ ዘመን ከ2 እስከ 5 ዓመት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠብቃቸው የጠባይ ግዴታዎች፣ ለምሳሌ ከመጠጥ መራቅ፣ ሥራ መያዝ፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር አለመዋል፣ ሊታዘዙበት ይችላሉ። ጫት መሸጥም መቃምም እኛ ዘንድ ወንጀል አይደለም፤ ቢሆንም ለዚህ ሰው የጥፋቱ መነሻ ከሆነ ከዚያ መራቅን የግዴታው አካል አድርጉልኝ ብሎ ራሱ ቢጠይቅ ያስከብረዋል። እንግዲህ የሱስ ችሎት አጥንቱ በሕጋችን አለ፤ የጎደለው ሥጋው፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ የሚያይ ዓይን ነው። ገደቡ ተነግሮት ከችሎት የወጣ ሱሰኛ ቀጣዩን ዳኛ የሚያየው ብዙውን ጊዜ እንደገና ሲያጠፋ ነው።

ያንን ዓይን እናንተ ማዘጋጀት ትችላላችሁ፤ ምክሬ ሁሉ ወደዚህ የሚያመራ ነው። ዋስትና ከተፈቀደለት፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ያለውን ጊዜ አያባክኑት፤ በዚያው ሳምንት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱትና ክትትል ያስጀምሩት። ጠበቃው ከዳኛው ፊት ሲቆም «ታሟል፣ ይዘንለት» ከሚል ልመና ይልቅ የተቆረጠ ዕቅድ ይዞ ይቅረብ። ሐኪሙ የጻፈው የምርመራ ውጤትና የቀጠሮ ቀናት፣ ከማን ቤት እንደሚያድር፣ በየቀጠሮው ማን ይዞት እንደሚሄድ፣ ቀን ምን እንደሚሠራ፣ ለባለ ስልኩ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ ቀጠሮ ቢያጓድል ለማን እንደሚነገር በጽሑፍ ይቀመጥ። በየወሩ ከሆስፒታሉ ለፍርድ ቤቱ አጭር ሪፖርት እንዲደርስ ወንድምዎ ራሱ ቢፈርም ከሁሉ ይበልጣል፤ ያለ ፈቃዱ የሕክምና ምስጢሩን እኛ ሐኪሞች አናወጣምና። አደራ የምለው፣ ይዞት የሚሄደው ሰው እናት አትሁን፤ እናት ትሸፍናለች። አጎት ወይም የሚያፍረው የእድር ሽማግሌ ይሻላል። ጠበል የሚሄድ ከሆነ ይሂድ፤ ከመጠጥ የሚገላገልበት የመጀመሪያ ሳምንት ግን በሐኪም ዓይን ሥር ይሁን፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት አያቋርጥ።

ዳኛው ገደቡን ሊከለክሉ፣ ወንድምዎም ሊታሰር ይችላል። ስለዚህም ልናገር፤ ከዓመታት በፊት ያከምሁት፣ ጣና ዳር ከጀልባ ጭነት እያራገፈ የሚኖር አንድ ወጣት በስርቆት ስድስት ወር ታስሮ ነበር። ሰውነቱ ዳብሮ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ከንፈሩ ላይ የነበረው መሰነጣጠቅ ድኖ ወጣ። ቤተሰቡ «እስር ቤቱ አዳነው» ብለው በግ አረዱ። በሦስተኛው ቀን ወደ ወደቡ ሥራ ተመለሰ፤ ጫት የሚሸጥበት ደጅ፣ አረቄው ቤት፣ ክኒኑን የሚያቀብለው ልጅ ሁሉም እንደነበሩ ጠበቁት። ማረሚያ ቤቱ ዕፁን አርቆለት ነበር፤ ከዕፁ አጠገብ እየዋሉ አለመውሰድን ግን ማንም አላስተማረውም። የድሮውን ያህል ክኒን በአንድ ጊዜ ዋጠ፤ ሰውነቱ ግን ከለመደው መጠን ርቆ ስለነበር ትንፋሹ ሊቆም ሲል ደርሰንበታል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር በተፈቱ ከ30,000 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከመጠን ባለፈ ዕፅ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ሕዝብ ከ100 እጥፍ በላይ ሆኖ እንዳገኘው ሳነብ ያ ልጅ ነው የታወሰኝ።

ስለዚህ ወንድምዎ በዋስም ይውጣ፣ በገደብም ይውጣ፣ ቅጣቱን ጨርሶም ይውጣ፣ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ከመፈታቱ በፊት ያስይዙለት። «ድሮ የምትወስደው መጠን አሁን ይገድልሃል» ብለው በግልጽ ይንገሩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻውን አያድር፣ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይስጡት፣ ወደ ድሮው የባጃጅ ማቆሚያም አይመልሱት። ሰውነቱ ዝሎ፣ ትንፋሹ ቀዝቅዞ፣ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ በጎኑ አስተኝተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ምን እንደወሰደም ለሐኪሙ አይደብቁ።